ጄምስ ክለርክ ማክስዌል፦ በእጅ ስልክ ውስጥ ያለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ

በላስታ ደጋማ ቀበሌዎች በፀሐይ ኃይል በሚሞሉ የእጅ ስልኮች ውስጥ የአንዱን ቮልቴጅ መጠን ወደ ሌላ የሚለውጥ፣ ከካፓሲተሮችና ከረቂቅ መቀያየሪያዎች የተሠራ ክፍል ይገኛል። የዚህን ክፍል መሠረታዊ ሕግ ከ150 ዓመታት በፊት ያስቀመጡት ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1831 በኤድንበርግ የተወለዱት ማክስዌል በግሌንሌር ገጠር አደጉ። በ8 ዓመታቸው እናታቸውን በካንሰር አጡ። ከተማ ገብተው መማር ሲጀምሩ የገጠር አለባበሳቸውና አነጋገራቸው የእኩዮቻቸው መሳለቂያ አደረጋቸው። ሆኖም በ14 ዓመታቸው የጻፉት የሒሳብ ጥናት ለኤድንበርግ ሮያል ሶሳይቲ ቀረበ። ያነበቡት ግን ሌላ ምሁር ነበሩ፤ ደራሲው ልጅ ናቸውና።

በአበርዲንና በለንደን በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1865 ሥራቸውን ለቀው ወደ ግሌንሌር ተመለሱ። በኤሌክትሪክና በማግኔት ላይ ያዘጋጁት ታላቅ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1873 ታተመ። ዓለም የሚያውቃቸው በብርሃንና በኤሌክትሪክ ትስስር ቀመሮቻቸው ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለ አንድ አጭር ክፍል ግን እምብዛም አይነሳም። በዚያ ክፍል፣ በፍጥነት እየተሞላ የሚራገፍ ካፓሲተር የኤሌክትሪክን ፍሰት እንደሚገታ ሽቦ እንደሚሆን አሳዩ። ነገሩ ውኃን ከምንጭ ወደ ጋን በእንስራ እንደማመላለስ ነው፤ እንስራው ካነሰ ወይም ምልልሱ ከዘገየ የሚደርሰው ውኃ ይቀንሳል።

ለዛሬው መሐንዲስ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ካፓሲተሩ ከራሱ ከፍ ካለ ቮልቴጅ ጋር በተገናኘ ቁጥር ከፊሉ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ምልልሱ ዝግ ካለ ሽቦውን ማወፈር አያድነውም። ብክነቱ የሚቀንሰው ካፓሲተሩን በማተለቅ ወይም ምልልሱን በማፋጠን ነው። ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ መቀያየሪያዎቹ ራሳቸው ኃይል ይበላሉ።

ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1871 በካምብሪጅ የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራን እንዲያቋቁሙ ተሾሙ። ሥራቸውን ብዙ ሳይገፉበት፣ እናታቸውን በገደለው የበሽታ ዓይነት እ.ኤ.አ. ኅዳር 1879 በ48 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ቤተ ሙከራ ኮክሮፍትና ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1932 የካፓሲተሮችን ድርድር ተጠቅመው ባገኙት ከፍተኛ ቮልቴጅ የአቶምን እምብርት ሰነጠቁ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ተመሳሳዩ ዘዴ በቺፕ ውስጥ ገባ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ የከተማዋ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ለብዙ ወራት መቋረጡ ይታወሳል። ስልክ በጄኔሬተር ወይም በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ በሚሞላበት እንዲህ ባለ ጊዜ በመለወጫው ውስጥ የሚባክነው ኃይል ከቤተሰብ ጋር ከሚነጋገሩበት ደቂቃ ላይ ይቀነሳል።