ራስ ወልደ ሥላሴና የሰንጠረዥ ጨዋታ

በዘመነ መሣፍንት ትግራይን ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ያስተዳደሩት ራስ ወልደ ሥላሴ፣ ከጦር ሜዳ ውሏቸው ባሻገር በሰንጠረዥ አፍቃሪነታቸው ይታወቃሉ።

የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ የደጃዝማች ክፍለ ኢየሱስ ልጅ ሲሆኑ፣ ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር በመጣላታቸው ብዙ ጊዜ በሽፍትነት ኖረዋል። ሥልጣን ከያዙ በኋላ መቀመጫቸውን ሕንጣሎና ጨለቆት አድርገው ከባሕር ጠረፍ ወደ መሐል አገር የሚያልፈውን ንግድ ተቆጣጠሩ።

እ.ኤ.አ በ1805 እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ወደ ሕንጣሎ በመጣበት ወቅት ራስን በመኳንንቶቻቸው መካከል ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ በሻካራው የተጠረቡ፣ ትልልቅና ከባድ ነበሩ። የባላጋራውን ጠጠር የሚማርክ ተጫዋችም በኃይል መትቶ ከቦታው ያስወግደው ነበር። ጨዋታው ጸጥታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ዙሪያውን የከበበው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ ምክር ይሰጣል፤ ጠጠር አንስቶም የተሻለውን አካሄድ ያሳያል። ይህ ሁሉ መካሪ ባለበት አሸናፊው ሁልጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። ተጋጣሚዎቻቸው በብልሃት እንደሚሸነፉላቸው ሶልት ሳይታዘብ አላለፈም።

እንዲህ መሸነፍም ቢሆን ሙያ ይጠይቃል። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዓረብ በኩል የተስፋፋው ይህ ጨዋታ በኢትዮጵያ የራሱን መልክ ይዟል። መክፈቻው ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። ስለሆነም ተጫዋቹ የራሱን ሰልፍ እያሰናዳ የሌላውን እጅ መከታተል፣ አሰላለፉ ሲለወጥበትም የራሱን መለወጥ ይኖርበታል። የድል ክብርም እኩል አይደለም። በፈረስ ንጉሥን መያዝ ተራ ነገር ሲሆን፣ በፊል ወይም በፈርዝ መያዝ ያስመሰግናል፤ በመደቅ መያዝ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ግን አይያዝም። ለጌታው የሚሸነፍ መኳንንት እንግዲህ ያማረ ድል ማሰናዳት ነበረበት፤ ጠጠሮቹን ሁሉ በችኮላ ቢያስማርክ ድሉን ያበላሸዋል።

ከሕንጣሎ ውጭ ያለው ፉክክር እንዲህ የሚገራ አልነበረም። በስተደቡብ የየጁው ራስ ጉግሣ ጎንደርንና ዙፋኑን በእጃቸው አድርገው ነበር። ሶልት እ.ኤ.አ በ1810 ከንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ለንጉሠ ነገሥቱ የተላከ ስጦታ ይዞ ሲመለስ ወደ ጎንደር መዝለቅ አልቻለም። ስጦታውን የተረከቡት ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ ከዚያም ለጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የዋለ አለ።

ራስ ወልደ ሥላሴ በ1808 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1816) በእርጅና ዐረፉ። ወዲያው የትግራይ መኳንንት ለሥልጣን ተፋለሙ፤ ከዓመታት ጦርነት በኋላም የአጋሜው ደጃዝማች ሰባጋዲስ የበላይነቱን ያዙ።