ኤሚል ቦዶና የቁልፉ ተራ

ኤሚል ቦዶ እ.ኤ.አ. በ1845 በፈረንሳይ አገር፣ ኦት ማርን በሚባለው ክፍል፣ ከአንድ ገበሬ ቤት ተወለደ። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት አልፎ ለመማር ዕድል ስላላገኘ ጉልምስናው እስኪቃረብ ድረስ በአባቱ እርሻ ሲሠራ ቆየ። በ1869 ግን በአገሩ የቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት በተለማማጅነት ተቀጠረ።

በዚያን ጊዜ በተለመደው አሠራር አንድ መሥመር የሚያገለግለው አንድን ጸሐፊ ነበር፤ የሰው እጅ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አዝጋሚ በመሆኑ መሥመሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ቦዶ ይህን ብክነት ተመልክቶ በ1874 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበትን መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በሚሽከረከር አከፋፋይ አማካይነት አንዱን መሥመር ለብዙ ጸሐፊዎች በየተራ ያድል ነበር። እያንዳንዱ ጸሐፊ 5 ቁልፎች ብቻ፣ 2 በግራ እጁ 3 በቀኝ እጁ፣ ይዞ ይሠራል። ከእነዚህም 32 ልዩ ልዩ ምልክቶች ይገኛሉ።

ሆኖም የመሥመሩ ትርፍ በጸሐፊው ድካም የተገዛ ነበር። የተጫናቸው ቁልፎች አከፋፋዩ እስኪያነባቸው ድረስ ተቆልፈው ይቆያሉ፤ ሲለቀቁም የምት ድምፅ ይሰማል። ጸሐፊው ያን ምት እየተከተለ በደቂቃ 30 ቃላት ያህል መጻፍ ነበረበት። የሚጠብቀው ሰው እንጂ መኪናው አልነበረም።

መሣሪያው በ1877 በፓሪስና በቦርዶ መካከል ተሞከረ፤ በ1878ም በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳሊያ አስገኘ። ቦዶ በ1903 አረፈ። በሴኮንድ የሚተላለፉ ምልክቶች መለኪያ የሆነው ባውድ ስሙን የያዘው ከእርሱ ነው።

ቀንበሩን ከጸሐፊው ላይ ያነሣው የኒውዚላንድ ተወላጁ ዶናልድ መሬይ ነው። በ1901 ገደማ ባዘጋጀው መሣሪያ ጸሐፊው እንደ ታይፕ ባለ ገበታ በራሱ ፍጥነት ወረቀት ይበሳል፤ መኪናው ደግሞ የተበሳውን በራሱ ጊዜ ያነባል። ወደ መሥመር መጀመሪያ መመለስና ወደ ቀጣዩ መሥመር መውረድም በዚሁ ሥርዓት እንደ ፊደል ሁሉ የራሳቸው ምልክት ተሰጣቸው።

በዛሬው የኮንሶል ፕሮግራም የወረቀቱን ቦታ የያዘው ተጠቃሚው የጻፈው ሁሉ ተራውን የሚጠብቅበት የኮምፒዩተሩ ማቆያ ነው። ጀማሪ ፕሮግራም ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በሲ ቋንቋ በመጀመሪያ ዕድሜን በቁጥር፣ ቀጥሎ ስምን በሙሉ መሥመር የሚቀበል ፕሮግራም ይታሰብ። ተጠቃሚው 25 ጽፎ ኢንተርን ሲጫን ፕሮግራሙ ቁጥሩን ብቻ አንሥቶ የመሥመር መጨረሻ ምልክቱን በማቆያው ይተወዋል። ስም ሲጠየቅ ያ ትርፍ ምልክት እንደ ባዶ መሥመር ይነበብና ጥያቄው ሳይመለስ ያልፋል። መፍትሔው በየጊዜው ሙሉውን መሥመር ማንበብ፣ ከዚያም ቁጥሩን ከውስጡ መለየት ነው።

ቦዶ ቁልፍ የተጫነበትና የተነበበበት ጊዜ የተለያዩ መሆናቸውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ይህን ልዩነት የዘነጋ ፕሮግራም ጥፋቱን በተጠቃሚው ላይ ያላክካል።