አልፍሬድ ቬገነርና የግሪንላንድ የበረዶ ሒሳብ

የአልፍሬድ ቬገነር ስም በተነሣ ቁጥር፣ በምድር ጥናት ሙያ የተሠማራ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው የአህጉሮችን መንሸራተት ነው። ይሁንና ይህ ጀርመናዊ ሊቅ አራት ጊዜ ተመላልሶ የደከመበት፣ በመጨረሻም ሕይወቱን የከፈለበት ሥራ የግሪንላንድ በረዶ ጥናት ነበር። ዛሬ የዋልታ በረዶዎች ምን ያህል እየጎደሉ መሄዳቸው የሚታወቅበት ስሌት መሠረቱን ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ የእርሱ ጉዞ ስለ ሆነ፣ የሕይወቱን ታሪክ በዚህ በኩል መመልከት ይገባል።

ቬገነር በኖቬምበር 1 ቀን 1880 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በበርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቄስና የጥንታዊ ቋንቋዎች መምህር ነበር። ልጁ ግን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ አዘንብሎ በ1905 በሥነ ፈለክ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። ወዲያውም ከከዋክብት ጥናት ወደ አየር ጠባይ ጥናት ተሻገረ። በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በፊኛ ተሳፍሮ ከ52 ሰዓት በላይ አየር ላይ በመቆየት የዘመኑን ክብረ ወሰን ሰበረ።

በዚያው ዓመት ሚሊዩስ ኤሪክሰን የተባለው ዴንማርካዊ የመራውን ጓድ ተከትሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ ሄደ። እስከ 1908 በቆየው በዚህ ጉዞ በካይትና በታሰረ ፊኛ የዋልታውን አየር መረመረ። የጓዱ መሪና ሁለት ባልደረቦቹ ግን በበረዶው ላይ አለቁ። ቬገነር የዚያን አገር ዋጋ ያወቀው ገና በመጀመሪያው ጉዞው ነው።

በ1912 ከዴንማርካዊው ኮህና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር 16 የአይስላንድ ፈረሶች ይዞ ተመለሰ። ወደ ላይ ለመውጣት ሲሞክሩ የበረዶው ጫፍ በድንገት ተገምሶ ሊያጠፋቸው ነበር። ሆኖም አራቱ ሰዎች ክረምቱን በዚያው በበረዶው ላይ አሳለፉ። በሰው የታወቀ ታሪክ በግሪንላንድ የውስጥ በረዶ ላይ ከርሞ የወጣ ከእነርሱ በፊት አልነበረም። በረዶውንም በመሰርሰሪያ 25 ሜትር ያህል ወደ ታች በመብሳት በየጥልቀቱ ያለውን ሙቀት ለኩ። በ1913 የበጋ ወራት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ምዕራባዊውን ዳርቻ ያዩት ስንቃቸው አልቆና ፈረሶቻቸው ሁሉ ጠፍተው ነው።

በዚሁ ዘመን የአህጉሮች መንሸራተት ሐሳቡ ተወለደ። ሐሳቡን በጃንዋሪ 1912 በፍራንክፈርት ለጉባኤ አቀረበ፤ በ1915 ደግሞ በጦርነቱ መካከል በመጽሐፍ አወጣው። በዚህም ሥራው በአንኮበር፣ በምጽዋና በበርበራ መካከል የሚገኘው የአፋር ሦስት ማዕዘን በአዲስ እሳተ ገሞራ ዐለት የተሞላ መሆኑን በመጥቀስ፣ ይህ ቦታ ቢነሣ የዐረብ ምድር ማዕዘን ከአፍሪቃ ጋር በትክክል እንደሚገጥም አመልክቷል። አብዛኞቹ የዘመኑ ሊቃውንት ሐሳቡን አልተቀበሉትም ነበር። ቬገነርም በ1924 በኦስትሪያ የግራዝ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ሥራውን ቀጠለ፤ የግሪንላንድ ነገር ግን ከልቡ አልወጣም።

የበረዶው ሒሳብ በአነጋገር ቀላል፣ በሥራ ግን እጅግ ከባድ ነው። በመካከለኛው ከፍታ ላይ በየዓመቱ የሚወርደው አመዳይ በላይ በላዩ ተከምሮ፣ በክብደቱ ተጨምቆ ጠንካራ በረዶ ይሆናል። ይህ ግግር በገዛ ሸክሙ እየተገፋ በዝግታ ወደ ዳርቻው ይፈስሳል። በዳርቻው በሁለት መንገድ ይጠፋል፤ አንዱ በበጋ ወራት ላዩ ቀልጦ ውሃው ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ሁለተኛው ጫፉ ተሰብሮ ተንሳፋፊ ተራራ ሲሆን ነው። ገቢው ከወጪው ጋር የተካከለ እንደ ሆነ በረዶው መጠኑን ይጠብቃል፤ ወጪው በበለጠ ጊዜ ይጎድላል፣ ባሕሩም ከፍ ይላል። ስለዚህ ይህን ሒሳብ ለመዝጋት የሚፈልግ ሰው መካከሉንም ዳርቻውንም መለካት፣ የግግሩንም ውፍረት ማወቅ አለበት።

ቬገነር በ1929 ከጌኦርጊ፣ ከዞርገና ከሎቨ ጋር መንገድ ሊመረምር ሄደ። በዚያም ጉዞ በበረዶው ላይ ፈንጂ በማፈንዳት፣ ድምፁ ከሥር ያለውን ዐለት ነክቶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ በመቁጠር ውፍረቱን የመለካት ዘዴ ተሞከረ። በ1930 ደግሞ በምዕራብና በምሥራቅ ዳርቻ እንዲሁም በመካከል ሦስት ጣቢያዎች ለመትከል ታላቁ ጉዞ ተጀመረ። የባሕሩ በረዶ ለ38 ቀናት ያህል ስላገዳቸው ሥራው ከመነሻው ዘገየ። የመካከለኛው ጣቢያ ከዳርቻው 400 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቢቋቋምም ለክረምቱ የሚበቃ ስንቅና ነዳጅ አልደረሰውም ነበር።

ቬገነር በሴፕቴምበር 21 ከሎቨና ከ13 ግሪንላንዳውያን ጋር በ15 የውሻ ተንሸራታች ጋሪዎች ስንቅ ጭኖ ወጣ። ብርዱ ሲበረታ አብዛኞቹ ተመለሱ፤ በመጨረሻ የቀረው ግሪንላንዳዊ ወጣቱ ራስሙስ ቪሉምሰን ብቻ ነው። ሦስቱ ሰዎች ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ ያለፈውን ብርድ ተቋቁመው በኦክቶበር 30 ደረሱ። የሎቨ እግሮች በውርጭ ስለ ተመቱ ጣቶቹ በኪስ ቢላዋ ተቆረጡ። ስንቁ ለአምስት ሰው ስለማይበቃ፣ ቬገነር 50 ዓመት በሞላው ዕለት፣ በኖቬምበር 1፣ ከቪሉምሰን ጋር ወደ ምዕራብ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በሕይወት ያያቸው የለም። በሜይ 1931 አስከሬኑ ከዳርቻው 189 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በመኝታ ከረጢት በጥንቃቄ ተሰፍቶ፣ መንሸራተቻዎቹ ለምልክት ተተክለውበት ተገኘ። በልብ ድካም እንደ ሞተ ይገመታል። የጌታውን ማስታወሻ ይዞ ጉዞውን የቀጠለው ቪሉምሰን ግን የደረሰበት አልታወቀም። ቬገነርም በዚያው በበረዶው ውስጥ ተቀበረ።

ሥራው ግን አልተቋረጠም። ወንድሙ ኩርት የጓዱን መሪነት ተረከበ። በመካከለኛው ጣቢያ በበረዶ ዋሻ የከረሙት ሦስቱ ሰዎች የአየሩን ጠባይ ዓመቱን ሙሉ መዘገቡ። ዞርገ 15 ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ የየዓመቱ አመዳይ እንዴት እየተጨመቀ በረዶ እንደሚሆን ለካ፤ ይኸውም የገቢው መዝገብ ነው። በምዕራብ ዳርቻ የቀለጠው መጠን ተለካ፤ ይኸውም የወጪው ነው። የፈንጂው ልኬት ደግሞ በመካከሉ ያለው በረዶ ውፍረቱ ከ2,500 ሜትር እንደማያንስ አሳየ። ሎቨም እነዚህን ቁጥሮች ሰብስቦ በ1936 ስለ ግሪንላንድ በረዶ ጠቅላላ ገቢና ወጪ ያሳተመው ጽሑፍ በዚህ ረገድ ከቀዳሚዎቹ ግምቶች አንዱ ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ሥራውን ሳተላይቶች አፋጥነውታል። አንዳንዶቹ የበረዶውን ከፍታ፣ ሌሎቹ የፍሰቱን ፍጥነት ይለካሉ፤ በ2002 የመጠቁት ጥንድ ሳተላይቶች ደግሞ በስበት ኃይል ለውጥ ክብደቱን መዝነዋል። በዚህ ሁሉ ልኬት መሠረት ከ1992 እስከ 2020 ግሪንላንድ 4,900 ቢሊዮን ቶን ያህል በረዶ አጥታለች፤ ይህም የዓለምን ባሕር 13.5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ አድርጓል። ከፊሉ በገጽ መቅለጥ፣ ከፊሉ ደግሞ ወደ ባሕር የሚወርዱት ግግሮች ፍጥነት በመጨመሩ የጠፋ ነው።

ከ1960ዎቹ ወዲህ የምድር ጥናት ሊቃውንት የአህጉሮችን መንቀሳቀስ ሲቀበሉ የቬገነር ስም በዚያ በኩል ታደሰ። በበረዶው በኩል ግን ትቶት የሄደው ሐሳብ ሳይሆን የአሠራር ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ከዳርቻው መቅለጥ ብቻ ተነሥቶ ከመፍረድ ይልቅ፣ ማንም ክረምቱን ሊያሳልፍበት ወዳልደፈረው መካከል ገብቶ ገቢውንም መቁጠር ነው። ዛሬ የሚታወቀው ጉድለት እምነት የሚጣልበት ሁለቱም መዛግብት በአንድነት ስለ ተያዙ ነው።