አበበ ቢቂላና የአሥር ኪሎ ሜትሩ ስሌት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ የክፍል ጓደኛ አለን። ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ እየሮጠ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ እንቅልፋችንን ገና ያልጨረስነውን እኛን ያሳፍረናል። ባለፈው ዓመት በአንድ የጎዳና ሩጫ 10 ኪሎ ሜትሩን በ40 ደቂቃ ጨረሰ። በዚያው ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀመጠና ማራቶንን በ3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ እንደሚጨርስ አስልቶ አሳየን። በስሌቱ ስሕተት ስላላገኘንበት አመንነው፤ በደስታውም ሻይ ጋበዘን። ከጥቂት ወራት በኋላ ክፍለ ሀገር ወርዶ ማራቶኑን ሮጠ። ከ30ኛው ኪሎ ሜትር ወዲያ ግን ከመሮጡ መራመዱ በዝቶ በ3 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ገባ።

ታዲያ ስሌቱ የዋሸው የት ላይ ነው? ይህ ክርክር ከምግብ አዳራሽ እስከ መኝታ ክፍል ተከተለን። በመጨረሻም ወደ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት መራን። ይህን ሕይወት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው፤ ነገር ግን የአጭር ርቀት ውጤት ስለ ረጅሙ ምን ያህል ይናገራል ከሚለው ጥያቄ አንጻር ሲነገር አልሰማንምና እንደሚከተለው ልናቀርበው ወደድን።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመንድዳ አጠገብ በምትገኘው በጃቶ ነው። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በ1949 ዓ.ም. ከሜልቦርን ኦሎምፒክ የተመለሱትን የኢትዮጵያ ስፖርተኞች በሰልፍ ሲያልፉ ተመልክቶ ልቡ በሩጫ እንደተነካ ይነገራል። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በየቀኑ እየሮጠ ይመላለስ እንደነበረም ይወራል። የሚወራው ሁሉ በልክ የተመዘገበ አይሁን እንጂ አንድ ነገር ግን ያሳየናል፤ ይኸውም አበበ ስለ ሰዓት መቁጠሪያ ከማወቁ አስቀድሞ እግሩ ረጅም መንገድን ማወቁ ነው።

ያገኘው አሠልጣኝ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። በ1952 ዓ.ም. ክረምት፣ ለሮም ኦሎምፒክ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ አበበ በአዲስ አበባ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ጨረሰ። ይህን ቁጥር አንባቢያችን ቆም ብሎ እንዲመለከተው እንለምናለን። በዚያን ጊዜ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ቼኮዝሎቫካዊው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ የሮጠው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3.2 ሴኮንድ ነበር። አንድ ስሙ ከአገሩ ውጭ የማይታወቅ ወታደር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች ከተማ፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ፣ ያን ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አሻሻለው ማለት ነው። ከፍታው ምን ያህል ሰዓት እንደሚበላ ያወቀ ሰው ይህን አይቶ የሮምን ውጤት ሊገምት ይችል ነበረ። ዓለም ግን ወደ አዲስ አበባ አልተመለከተም፤ የተመለከተም ቢኖር አላመነም።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ በአገራችን የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ቆመ። የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው በለመደው መንገድ መሮጥን መረጠ። ችቦ በያዙ ወታደሮች መካከል በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ላይ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ተጓዘ። ወደ ፍጻሜው ግድም፣ ያን ጊዜ በሮም ቆሞ ከነበረውና በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከተመለሰው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ተፈትልኮ ወጣ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ሲገባ የሶቭየት ኅብረቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ይዞት የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን በ0.8 ሴኮንድ አሻሻለ። ለኢትዮጵያም የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ሆነ። ከአዲስ አበባው ሰዓቱ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 6 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ያህል ነው። ከፍታውን ብቻ የዚህ ልዩነት ምክንያት ነው ብለን አንከራከርም፤ የተፎካካሪም መኖር፣ የመንገዱም ጠባይ፣ የማታው ቅዝቃዜ አለበት። ቢሆንም ማራቶንን ከማራቶን መገመት ከሌላው ሁሉ እንደሚሻል እዚህ ላይ ማየት ይቻላል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች መንግሥት ለመገልበጥ በሞከሩ ጊዜ አበበም ከጦሩ ሰዎች ጋር ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተፈታ። ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት በአቴንስና በኦሳካ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በኮሺሴ አሸነፈ። ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በቦስተን ያጋጠመው ግን ለጥያቄያችን ከድሎቹ ይልቅ ይጠቅማል። እሱና ማሞ ወልዴ ረጅሙን የመንገዱን ክፍል በክብረ ወሰን ፍጥነት አብረው መሩ። በዚያ ሰዓት ብዕር ያነሣ ሰው ቢኖር አዲስ ክብረ ወሰን በተነበየ ነበር። ከዚያ በኋላ ዳገቱና ከፊት የሚነፍሰው ብርዳም ነፋስ መጣ። የቤልጂጉ ኦሬል ቫንደንድሪሽ በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ አሸነፈ፤ አበበ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ አምስተኛ ሆነ፤ ማሞ አሥራ ሁለተኛ። ራሱ አበበ እንኳ በግማሽ መንገድ ሰዓቱ ሊታመን አልቻለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንመለስ። ጓደኛችን የተጠቀመበት ቀመር ፒት ሪገል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977፣ አበበ ካረፈ ከ4 ዓመት በኋላ፣ ለሯጮች ያቀረበው ነው። ርቀቱ ሲጨምር ፍጥነቱ በተወሰነ ልክ ይቀንሳል ይላል፤ በአጭሩ የ10 ኪሎ ሜትሩን ሰዓት በ4.6 ያባዛ ሰው የማራቶኑን ግምት ያገኛል። የግማሽ ማራቶኑን ሰዓት የያዘ ደግሞ በ2.085 ያባዛል። ይህን ቀመር ወደ ኋላ ወስደን በቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሞከርነው፤ ያገኘነው ውጤት ሁለት ሌሊት አስመሸን።

ጥቅምት 4 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የ10,000 ሜትር ሩጫ አሜሪካዊው ቢሊ ሚልስ በ28 ደቂቃ ከ24.4 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። የአውስትራሊያው ሮን ክላርክ በ28 ደቂቃ ከ25.8 ሴኮንድ ሦስተኛ፣ የእኛው ማሞ ወልዴ በ28 ደቂቃ ከ31.8 ሴኮንድ አራተኛ፣ ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ በ28 ደቂቃ ከ59.4 ሴኮንድ ስድስተኛ ሆኑ። አራቱም ከሰባት ቀን በኋላ ማራቶን ሮጡ። ቀመሩ ለሚልስ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ፣ ለክላርክ ከእሱ 7 ሴኮንድ የሚበልጥ፣ ለማሞ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ14 ሴኮንድ፣ ለጹቡራያ 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ ይሰጣል። ከአራቱ ሦስቱ የዚያን ዘመን የዓለም ክብረ ወሰን በሰፊው መስበር ነበረባቸው።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ሚልስ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55.4 ሴኮንድ አሥራ አራተኛ ሆነ፤ ክላርክ መጀመሪያውን በኃይል መርቶ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.8 ሴኮንድ ዘጠነኛ ወጣ፤ ማሞ አቋርጦ ወጣ። በ10,000 ሜትሩ ከአራቱ የመጨረሻ የነበረው ጹቡራያ በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ22.8 ሴኮንድ ነሐስ ወሰደ። ቀመሩ ከሠራው ሰልፍ የመጨረሻው የመጀመሪያ ሆነ እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

አበበ በቶኪዮ 10,000 ሜትሩን አልሮጠም። ከዚህም በላይ መስከረም 6 ቀን፣ ከማራቶኑ አምስት ሳምንት አስቀድሞ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ማንም ልባም ሰው በእሱ ላይ ተስፋ አይጥልም ነበር። ጥቅምት 11 ቀን ግን፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ ከክላርክና ከአየርላንዱ ጂም ሆጋን ጋር ከፊት ሆኖ ከሄደ በኋላ አንድ በአንድ ጥሏቸው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ብቻውን ወደ ስታዲየሙ ገባ። እንግሊዛዊው ባዝል ሂትሊ ያስመዘገበውን ክብረ ወሰን ከ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ በላይ አሻሻለ፤ ሂትሊ ራሱ ሁለተኛ ሆኖ የገባው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። አበበ በሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን እያፍታታ ስፖርት ሲሠራ ሕዝቡ አፉን ይዞ ተመለከተው። ማራቶንን በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። ቀመሩን ወደ ኋላ ብንመልሰው ለዚያ ሰዓት የሚጠይቀው የ10 ኪሎ ሜትር ውጤት 28 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ ገደማ ነው፤ ይህ በዚያው በቶኪዮ ለሜዳልያ አይበቃም ነበር።

ምክንያቱን በሰውነት ሥራ ያጠኑ ሰዎች እንዲህ ይገልጹታል። በጡንቻና በጉበት የሚጠራቀመው ግላይኮጅን የተባለው ስንቅ 10 ኪሎ ሜትርን ለመሮጥ ከበቂ በላይ ነው፤ ስለዚህ በአጭሩ ሩጫ ማን ስንቁን በቁጠባ እንደሚይዝ አይታወቅም። ከ30 ኪሎ ሜትር ወዲያ ግን ስንቁ ሊያልቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስብን አንድዶ መሄድ የለመደ ሰውነትና ብዙ ሳምንት ረጅም መንገድ የለመደ እግር ይፈለጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የታተመና ከ2,000 በላይ ተራ ሯጮችን የመረመረ ጥናት የሪገል ቀመር እስከ ግማሽ ማራቶን ደኅና እንደሆነ፣ በማራቶን ግን ለግማሾቹ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያህል የፈጠነ ግምት እንደሚሰጥ አሳይቷል። የጥናቱ ጸሐፊዎች በሳምንት የሚሮጠውን ርቀት ከሩጫ ውጤት ጋር ማስገባትን መረጡ። ጓደኛችን በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበረ በጠየቅነው ጊዜ ዝም አለ።

ቀመሩን ጨርሶ እንዳንንቀው የሚያደርግ ምስክርም አለ፤ እሱም ማሞ ወልዴ ራሱ ነው። ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከፍታ ላይ 10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ28 ሴኮንድ ጨርሶ ብር አገኘ። በ4.6 ብናባዛው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ ይሆናል። ከሰባት ቀን በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ አሸነፈ። አምስት ደቂቃ ያህል ቢሳሳትም በዚህ ጊዜ የአጭሩ ርቀት ሰው የረጅሙም ሰው ሆነ። በቶኪዮ ያቋረጠውና በሜክሲኮ ያሸነፈው አንድ ሰው ነው፤ በ10,000 ሜትር ደግሞ የቶኪዮ ሰዓቱ ይበልጥ ነበር። ዛቶፔክም በሄልሲንኪ 5,000፣ 10,000ና ማራቶንን አንድ ላይ ማሸነፉን መርሳት አይገባም።

በዚያው በሜክሲኮ ማራቶን አበበ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ በእግሩ ሕመም አቆመ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ ከሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑን ሲነዳ ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርን ተማረ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በበረዶ ላይ የሚደረገውን የ25 ኪሎ ሜትር የመንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ይህን ደግሞ ከየትኛው ውጤት ልናሰላው እንችል ነበር? በሚዩኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ፤ ማሞም በዚያ በ40 ዓመቱ ነሐስ ሲያገኝ በሕይወት ነበረ።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በብዙ ሺህ ሕዝብ ታጅቦ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. ያረፈው ማሞ ወልዴም ያረፈው በዚያው ግቢ ነው።

ጓደኛችን ዘንድሮ ወረቀቱን አስቀምጦ የሚጽፈው ሌላ ነገር ነው፤ በየሳምንቱ የሮጠውን ኪሎ ሜትር። ባለፈው እሑድ 30 ሮጦ ሲመለስ አገኘነው። የማራቶኑን ሰዓት ስንት አደረስከው ብለን ብንጠይቀው ገና አላሰላሁም ብሎ ውሃውን መጠጣት ቀጠለ።