አየርን የለካው ምእመን፦ የሮበርት ቦይል ሕይወት



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ያለን ወጣቶች አብዛኞቻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ የሳይንስ ትምህርት እንማራለን፤ እሑድ ደግሞ ቃለ እግዚአብሔር ለመስማት እንሰበሰባለን። ከዚህም የተነሣ ሁለቱ ይጣላሉን? የሚል ጥያቄ በመካከላችን ይነሣል። አንዳንዱ ፊዚክስን ሲፈራ፣ ሌላው ጠያቂውን ሲዘልፍ እናያለን። እኛም በዚህ ጽሑፋችን መልሱን ከአንድ ሰው ሕይወት ልንፈልግ አሰብን። ሰውዬው በመማሪያ መጽሐፋችን በስሙ ሕግ የተሰየመለት ሮበርት ቦይል ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

ሮበርት ቦይል በ1627 በአየርላንድ አገር፣ ሊዝሞር በሚባል ግንብ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የኮርክ መስፍን ሪቻርድ ቦይል እጅግ ባለጸጋ ነበር፤ ሮበርትም ለቤተሰቡ 14ኛ ልጅ ነው። ይሁን እንጂ ሀብት ሁሉን አይሞላም። እናቱ የሞተችበት ገና በ3 ዓመቱ ነው፤ በልጅነቱም አንደበቱ ይንተባተብ ነበር።

በ1639 ከመምህሩ ጋር ወደ አውሮፓ አገሮች ተላከ። በጄኔቫ ከተማ ሳለ አንድ ሌሊት ከባድ ነጎድጓድና መብረቅ ሆነ። ልጁም የፍርድ ቀን የደረሰ መስሎት ተንቀጠቀጠ፤ ሕይወቱንም ለእግዚአብሔር ሊሰጥ ተሳለ። ሲነጋ ግን በፍርሃት የተገባ ስእለት ብቻውን እንደማይበቃ አስቦ፣ ሰማዩ በጠራበት ሰዓት ስእለቱን አደሰ። ከዚያም ወደ ፍሎሬንስ ሄዶ የጋሊሌዮን መጻሕፍት አነበበ። ጋሊሌዮ የሞተውም ቦይል በዚያች ከተማ በቆየበት ክረምት፣ በ1642 መጀመሪያ ነው።

ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ በኋላ በ1650ዎቹ አጋማሽ በኦክስፎርድ ተቀመጠ። በዚያም ሮበርት ሁክ የሚባል እጀ ብልህ ወጣት ረዳት አገኘ። ሁለቱ አየርን ከመስተዋት ዕቃ ውስጥ መጥጦ የሚያወጣ ፓምፕ ሠሩ። አየሩ ሲወጣ በውስጡ ያለው ሻማ ይጠፋል፤ የሰዓትም ድምፅ እየደከመ ይሄዳል። ቦይል ይህን ሁሉ ጽፎ በ1660 አሳተመ። አየር እንደ ተጨመቀ የበግ ጠጉር ነው፤ ሲጫኑት ይሰበሰባል፣ ሲለቁት ይዘረጋል ብሎም አስተማረ።

መጽሐፉ እንደ ወጣ ተቃዋሚ ተነሣ። ፍራንሲስከስ ሊነስ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፣ አየር ያን ያህል ጉልበት የለውም አለ። ባዜቃን በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ወደ 74 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ የሚይዘው የአየር ግፊት ሳይሆን፣ ከላይ የሚስበው የማይታይ ክር ነው ሲል ተከራከረ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም በአንድ አምላክ የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። ቦይል ባላጋራውን መናፍቅ ብሎ ሊሰድበው፣ ወይም በአባቱ ስምና ሀብት ሊያሳፍረው በቻለ ነበር። እርሱ ግን ነገሩን በልኬት ሊመልስ ወሰነ።

ይህን ለመፈጸም እንደ ከዘራ ራስ የታጠፈ ረጅም የመስተዋት ቱቦ አዘጋጀ። አጭሩ ጫፍ የተደፈነ፣ ረጅሙ ጫፍ ክፍት ነበር። ቱቦው በክፍል ውስጥ ስላልቆመ በቤት ደረጃ ላይ በገመድ አንጠለጠሉት። አንዴም ተሰብሮ ባዜቃው ፈሰሰና እንደገና ጀመሩ። ባዜቃ በረጅሙ በኩል ጥቂት በጥቂት ሲጨመር፣ በአጭሩ ጫፍ የታሰረው አየር እየተጨመቀ ሄደ። በረጅሙ በኩል ያለው ባዜቃ በአጭሩ በኩል ካለው 74 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲበልጥ፣ ማለት በላዩ ያለው ግፊት እጥፍ ሲሆን፣ የአየሩ ይዘት በግማሽ ቀነሰ። እንግዲያስ አየር ጉልበት አለው፤ የማይታየውም ክር አላስፈለገም። ይህም መልስ በ1662 ታተመ።

ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ የአንድ ጋዝ ግፊት ሲጨምር ይዘቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። 12 ሊትር የነበረ አየር ግፊቱ 2 እጥፍ ቢሆን 6 ሊትር፣ 4 እጥፍ ቢሆን 3 ሊትር ይሆናል። 1 በ12፣ 2 በ6፣ 4 በ3 ብናባዛ ውጤቱ ምን ጊዜም 12 ነው። መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ አፉን በጣት ደፍኖ ቀስ ብሎ የሚገፋ ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀዋል። ቀስ ብሎ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የብስክሌት ጎማ በፍጥነት ሲነፋ ፓምፑ ይግላል፤ ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ስሌቱ ይዛባል። ይህን የሙቀት ነገር በ1676 ገደማ አጥርቶ የጻፈው ፈረንሳዊው ኤድም ማርዮት ነው።

በአገራችንም ማስረጃው ቅርብ ነው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ወልቂጤ ላይ ክዳኑን አጥብቀን ዘግተን በጅማ መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ብንወርድ፣ ጠርሙሱ ማንም ሳይነካው ይጨማደዳል። በቆላው ያለው የውጭ አየር ግፊት ከደጋው ስለሚበልጥ ነው። ከቡታጅራ ወደ ዘቢዳር ተራራ ለወጣ ደግሞ በላስቲክ የታሸገ ብስኩት ይነፋበታል። የጊቤ ሙቀት የተጨማደደውን በጥቂቱ መልሶ ይነፋዋልና፣ በትክክል ልለካ የሚል ሰው መጠነ ሙቀቱን እኩል ማድረግ ይገባዋል።

ከልኬቱ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን ሌላ ነው። ግፊትና ይዘት በዚህ ዓይነት ይዛመዳሉ የሚለውን ግምት አስቀድሞ ያቀረበ ሪቻርድ ታውንሊ የሚባል ሰው ነበር። ቦይልም ይህን አልሸሸገም፤ የታውንሊን ስም በመጽሐፉ ጠቅሶ ድርሻውን ሰጠው። ሕጉ በቦይል ስም የተጠራው ሰዎች ስለ ሰየሙት እንጂ እርሱ ስለ ነጠቀ አይደለም።

እምነቱም በቃል ብቻ አልቀረም። ክህነት ቢያቀርቡለት፣ ስለ ሃይማኖት የሚጽፈው ደመወዝ የማይከፈለው ምእመን ሲሆን ይበልጥ ይሰማል ብሎ ተወው። በ1680 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቢመረጥም፣ መሐላው ለኅሊናው ስለ ከበደው ሹመቱን አልተቀበለም። ወንጌላትና የሐዋርያት ሥራ በማላይ ቋንቋ በ1677 እንዲታተሙ ገንዘቡን አወጣ። በአይሪሽ ቋንቋም ሐዲስ ኪዳን በ1681፣ ብሉይ ኪዳን በ1685 ሲታተሙ ወጪውን ረዳ። በቤታችን ቸሃ፣ ኢነሞር ወይም ክስታንኛ የምንናገር ሁሉ፣ ቃሉን በእናት ቋንቋ መስማት ምን እንደሆነ እናውቃለን።

እውነት ለመናገር ግን ሕይወቱ ጥላ አልነበረበትም ልንል አንችልም። ሀብቱ የመጣው አባቱ በአየርላንድ ካካበተው ርስት ነው፤ ዘመኑም የእንግሊዝ መንግሥት የአየርላንድን ሰዎች መሬት ወስዶ ለራሱ ሰዎች ያከፋፈለበት ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ያሳተመላቸው ሰዎች፣ መሬታቸውን ያጡት ሰዎች ናቸው። መልካም ሥራው ይህን አይሽረውም፤ ይህም መልካም ሥራውን አያጠፋውም። ሁለቱንም አብረን መያዝ አለብን።

ቦይል ዕድሜውን ሁሉ ደካማ ጤና ነበረው። ከ1668 ጀምሮ በለንደን ከእኅቱ ከካተሪን ጋር ኖረ። እርሷ በ1691 ዲሴምበር ስትሞት፣ እርሱም ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ በ64 ዓመቱ ተከተላት። ሚስትም ልጅም አልነበረውም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከዚህ ሰው አንድ ነገር እንያዝ። ጥያቄ ሲመጣብን መቆጣት ወይም መሸሽ የእምነት ምልክት አይደለም። ቦይል ጥያቄ ባይቀርብለት ኖሮ ያን ልኬት ባልለካ፣ ሕጉም በስሙ ባልተጠራ ነበር። ግፊት አየርን እንደሚሰበስበው፣ የተቃዋሚም ቃል አሳባችንን ሊሰበስብልን ይችላል። እንግዲህ በክፍልም ሆነ በሰንበት ጉባኤ ለሚጠይቀን ሰው አስቀድመን ጥያቄውን በሚገባ እንስማ፤ ከዚያም መርምረን እንመልስ፤ መልሱን ያገኘነው ከሌላ ሰው ከሆነም ስሙን እንጥራ። እውነትን የሚፈራ እግዚአብሔርን አያከብርም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።