የመርሐቤቴው ኅሩይ በክረምት ክፍላችን

ሦስተኛ ዓመት ጨርሰን ካምፓሱ ሲዘጋ፣ አምስት ጓደኛሞች ለክረምት በጎ ፈቃድ ወደ መርሐቤቴ ወረድን። ወረድን ያልኩት እንዲያው ለአባባል አይደለም። ከሙከጡሪ ተነስቶ በለሚ በኩል የሚሄደው መንገድ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ሲደርስ ምድሩ ድንገት ያልቃል። ቁልቁል ወንዙ ድልድይ ድረስ ሙቀቱ እያፈናችሁ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ። ዓለም ከተማ ያለችው ከዚያ ሽቅብ ጫፍ፣ ብርዱና ጉሙ እንደገና ከሚጀምርበት ነው።

ሥራችን ሐምሌና ነሐሴን ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ማጠናከሪያ ማስተማር ነበር። ለእኔ አማርኛ ደረሰኝ። ልጆቹ የማዳበሪያ ከረጢት እንደ ቆብ አጥፈው በራሳቸው ደፍተው፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ ይመጣሉ። መማሪያ መጽሐፍ ግን አልነበረም፤ የመጻሕፍት ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ለክረምቱ አገሩ ገብቷል። በሻንጣዬ የነበረው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ኮርስ ደብተሬ ብቻ ነው። እሱን ሳገላብጥ ነው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የዚሁ የመርሐቤቴ ሰው መሆናቸው ትዝ ያለኝ። እንግዲህ ሁለቱን ወር ያስተማርኩት የእሳቸውን ሕይወት ነው። ለዚህ የመገናኛ መጽሔታችንም ከሱ የተሻለ የምጽፈው የለኝም።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. መርሐቤቴ ውስጥ ደን በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ዓመቱ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የታረቁበት ነው። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ሞቱ። ይህን ስነግር ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ቀና አለ፤ አባት እንደሌለው ያወቅሁት በኋላ ነው። ኅሩይ እንደ ማንኛውም የቤተ ክህነት ተማሪ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ከደብር ደብር እየዞሩ ተምረው በመጨረሻ እንጦጦ ራጉኤል ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ያለው የምኒልክ ከተማ ነው። ጽሕፈት የሚችል፣ ግእዝ የጠነቀቀ ወጣት በሚፈለግበት ዘመን እሳቸው ሁለቱንም ይዘው ተገኙ።

በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲደፋ፣ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ለንደን ሄዱ። ልጆቹ እዚህ ላይ ባሕሩን፣ መርከቡን፣ ምን እንደበሉ ሳይቀር ጠየቁኝ። የማላውቀውን አላውቅም እያልኩ ተሳቀቅሁ። እኔን የገረመኝ ግን የተመለሱት ሰው ምን እንደሠሩ ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። ቤተ መንግሥት አይቶ የመጣ ሰው አገሩ ስንት መጽሐፍ እንዳላት መቁጠር ጀመረ ማለት ነው። ላይብረሪ ውስጥ ካታሎግ ስናገላብጥ ለኖርን ሰዎች ይህ ቀላል ሥራ ይመስል ይሆናል። በዚያ ጊዜ ግን መጽሐፍ ማለት በየገዳሙ ዕቃ ቤት፣ በየደብተራው ማኅደር ውስጥ የተሸጎጠ ብራና ነበር።

ሹመቱን በአጭሩ ልለፈው። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፤ የውጭ ዜጎችና ኢትዮጵያውያን በሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኝተዋል፤ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረዋል፤ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ጎሐ ጽባሕ የሚባል ማተሚያ ቤትም አቋቁመዋል። ለክፍሌ ልጆች ከሹመቱ ሁሉ የጣማቸው ይኸኛው ነው፤ ራሱ ጽፎ ራሱ የሚያትም ሰው መኖሩ።

ከመጻሕፍታቸው ሁለቱን ልጆች ፊት ይዤ ቆየሁ። አንዱ በ1910 ዓ.ም. የወጣው «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ነው። አባት ለልጁ ጠባይንና አኗኗርን የሚመክርበት ነው። እውነቱን ለመናገር ዛሬ ሲነበብ ስብከት ይበዛበታል፤ የኅሩይ ልብ ወለዶችም ከዚህ አያመልጡም። ሁለተኛው በ1915 ዓ.ም. የታተመው «የሕይወት ታሪክ» ነው። የሙሉ ርዕሱ ቀሪ ክፍል መጽሐፉ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንደሆነ ይናገራል። የነገሥታቱን ብቻ ሳይሆን የሊቃውንቱን፣ የመኳንንቱን፣ የሌሎችንም ሰዎች ሕይወት በአጫጭሩ ሰብስበው አኖሩ። ለማን ብትሉ፣ ገና ላልተወለደ ተማሪ። በጭቃ የተለወሰ እግር ይዘው ፊቴ የተቀመጡት ልጆች በኋላ ዘመን የተባሉት እነሱ መሆናቸውን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዷ ልጅ አያቷ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ይኖሩ እንደሆነ ጠየቀች። አይመስለኝም አልኳት። ቅር አላት።

«አዲስ ዓለም» የተባለው ልብ ወለድ (1925 ዓ.ም.) ደግሞ ክፍሉን ለሁለት ከፈለው። ዐወቀ የሚባል የሸዋ ልጅ ፓሪስ ተምሮ ይመለስና ከዘመዱም ከካህኑም ጋር ይጋጫል። አባቱ ሲሞቱ እንደ ወጉ ተዝካር ደግሶ በማብላት ፈንታ ገንዘቡን ለድሆች ይሰጣል። ከልጆቹ ግማሹ ደግ አደረገ አሉ። ግማሹ ደግሞ አባቱን ያለ ተዝካር የሚቀብር ምን ዓይነት ልጅ ነው ብለው ተቆጡ። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ምንም አልተናገረም። እረፍት ላይ ነው ለብቻው መጥቶ የነገረኝ፤ እናቱ ለአባቱ ተዝካር በሬ ሸጣ ዕዳ ውስጥ ገብታለች፤ እሱም በመስከረም ትምህርቱን ትቶ አዲስ አበባ አጎቱ ጋ ሥራ ሊገባ ነው። ኅሩይ አባታቸው ሲሞቱ ትምህርታቸውን ያልተዉት ማን ረድቷቸው እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ለዚህም በቂ መልስ አልነበረኝም። የቤተ ክህነት ተማሪ በእንተ ስሟ ለማርያም እያለ ለምኖ እንደሚማር ብቻ ነገርኩት። እሱ ግን ልመናውን ከእኔ የበለጠ ያውቀው ነበር።

በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ያደረጉትን ጉዞ ስደርስበት ቡሄ ሆነና ክፍሉ ባዶ ቀረ። ሁሉም ጅራፍ ሲያጮህና ሆያ ሆዬ ሲል ሰነበተ። ሲመለሱ ጀመርን። ኅሩይ በጃፓን ያዩት አንድ የምሥራቅ አገር ንጉሡንና ባህሉን ሳይጥል ባቡርና ፋብሪካ ማቆም መቻሉን ነው። ይህን በመጽሐፍ ጽፈው ለአገራቸው ሰው አቀረቡ። ጃፓንን ያዩት በቸር ዓይን ብቻ ነው የሚል ትችት ይቀርብባቸዋል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። እንግዳ ሆኖ የሄደ ሰው የአስተናጋጁን ጓዳ አያይም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ማስተማር ከበደኝ። ኅሩይ ልጆቻቸውን በተናገሩት ልክ አስተምረዋል። ፈቃደ ሥላሴንና ሲራክን መጀመሪያ እስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎ አንዱን ወደ ካምብሪጅ፣ ሌላውን ወደ ኦክስፎርድ ሰደዱ። ሁለቱም ተምረው ተመለሱ። ጣልያን ገባ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጅቡቲ በኩል ሲሰደዱ ኅሩይ አብረው ወጡ፤ በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ ደረሱ። ፈቃደ ሥላሴ ግን አገር ቤት ቀርቶ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሆነ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ገደሉት። በዚያ ዓመት የተማረ ወጣት እየተለቀመ ይገደል ነበርና፣ የካምብሪጅ ትምህርቱ ከሞት አላዳነውም፤ ምናልባትም አቀረበው።

አያቷን የጠየቀችው ልጅ፣ አባትየው ልጄን ባላስተምረው ኖሮ ብለው ተጸጽተው እንደሆነ ጠየቀችኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? የዚያ ክፍል ወላጆች ግማሹ ልጁ ተምሮ እንዳይሄድበት ይሰጋል፤ ግማሹ ሳይማር እንዳይቀርበት። እኔ ራሴ ያኔ ወደ ቤት ከተመለስኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ሰሌዳውን እያጠፋሁ ዝም አልኩ።

ኅሩይ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በባዝ ከተማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሚኖሩበት በፌርፊልድ ቤት ዐረፉ። ስድሳ ዓመታቸው ነበር። ሬሳቸው ከነጻነት በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በአገራቸው አፈር ዐርፏል። ሲራክ ተርፎ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ወደ አማርኛ መለሰ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው ኅሩይ ከሞቱ ከአሥራ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። መጻሕፍቱን የቆጠሩት ሰው በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ሳያዩ ሄዱ።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ስንሰናበት ያ ልጅ ሃምሳ ገጽ ደብተር ይዞ መጣ። በሰፈሩ ያሉ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ስም ጽፏል። ከየስሙ ሥር የተወለዱበትን ዘመን በሚያውቁት ልክ፣ ያረሱትን መሬት፣ የወለዷቸውን ልጆች፣ የሞቱባቸውን አስፍሯል። አሥራ ሰባት ሰው ነበር። የመጨረሻው አባቱ ነው፤ አራት መስመር። ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ እንዳርምለት ፈልጎ ነበር። ሆሄያቱን አርሜ መለስኩለት፤ የአባቱን ገጽ ግን አልነካሁም። በመስከረም አዲስ አበባ ይሂድ ትምህርቱን ይቀጥል አላወቅሁም፤ እኛ የወጣነው ከዘመን መለወጫ በፊት፣ ጀማ ሞልቶ መንገዱ ሳይዘጋ በመጨረሻው አውቶቡስ ነው።