ታን ካ ኪ፤ የአባቱን ዕዳ የከፈለ ልጅ

በቻይና አገር በደቡብ ምሥራቅ በኩል በባሕር ዳር ፉጅየን የሚባል ጠቅላይ ግዛት አለ። ምድሩ ተራራ የበዛበት ነው፤ የሚታረሰውም መሬት ጥቂት ነው። ስለዚህ የፉጅየን ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ባሕሩን እንደ እርሻቸው አድርገው ኖሩ። አንዳንዱ ዓሣ ያጠምድ ነበር፤ አንዳንዱም በመርከብ ተሳፍሮ እንጀራውን ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ይሄድ ነበር። ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ደቡብ ባሕር አገሮች፥ ማለት ወደ ሲንጋፖር፥ ወደ ማላያና ወደ ጃቫ ነው። በዚያም በወደብ ሸክም እየተሸከሙ፥ በእርሻና በማዕድን እየሠሩ፥ ከደመወዛቸው ቀንሰው ለቤተ ሰቦቻቸው ይልኩ ነበር።

ታን ካ ኪ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1874 ዓመት በፉጅየን በጂሜይ መንደር ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ በሲንጋፖር የሩዝ ነጋዴ ስለ ነበረ፥ ልጁን በመንደር ያሳደገችው እናቱ ናት። ታን ካ ኪ በመንደሩ ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን መምህሩ የጥንት መጻሕፍትን በቃል ያስጠና ነበር እንጂ ትርጓሜውን አይገልጥም ነበር። ልጁም ምስጢሩን ሳያውቅ ቃሉን ብቻ እየደገመ ዓመታት አለፉበት።

በ1890 ዓመት፥ ዕድሜው 16 ሲሆን፥ እናቱን ተሰናብቶ በመርከብ ወደ ሲንጋፖር ሄደ። ሲንጋፖር በዚያን ጊዜ እንግሊዞች የሚገዙአት ደሴት ነበረች። ከቻይና፥ ከህንድና ከማላያ የመጡ ሕዝቦች በወደቧ ተቀላቅለው ይነግዱ ነበር። ታን ካ ኪ በአባቱ ሱቅ ገብቶ ሒሳብ መጻፍን፥ ሩዝ መግዛትንና መሸጥን ተማረ። በሥራውም ትጉህ፥ በገንዘብም ቈጣቢ ሆነ። እናቱ በሞተች ጊዜም ሊቀብራት ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እንደ አገሩም ልማድ ኀዘኑን እስኪፈጽም በዚያ ቈየ።

በ1903 ዓመት ወደ ሲንጋፖር ሲመለስ ግን ያገኘው ነገር እጅግ አስደነገጠው። ሱቁ ተራቍቶ ነበር፤ መዝገቡም ተበላሽቶ ነበር። በአስተዳደር ጉድለትና ያለ ልክ በወጣ ገንዘብ የአባቱ ንግድ ወድቆ፥ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ተከማችቶበት ነበር። አባቱም ሸምግሎ ስለ ነበረ እንደ ገና ተነሥቶ ለመነገድ ኀይል አልነበረውም።

በሲንጋፖር ሕግ ልጅ የአባቱን ዕዳ እንዲከፍል አይገደድም ነበር። ታን ካ ኪ ዝም ቢል ዳኛ አያስከስሰውም፤ አበዳሪም አይዘውም። ነገር ግን አገሩን ለቆ በባዕድ አገር የሚኖር ነጋዴ ርስት የለውም፤ ርስቱ ስሙ ነው። አንዱ ለሌላው ሩዝ በዱቤ የሚሰጠው ቃሉን አምኖ ነው። አባቱን አምነው ያበደሩት ሰዎች ገንዘባቸውን ቢያጡ፥ የቤቱ ስም ለዘላለም እንደሚጐድፍ ታን ካ ኪ ዐወቀ። ስለዚህ ዕዳውን እርሱ እንደሚከፍል አስታወቀ።

መናገር ግን ከመክፈል ይቀላል። በእጁ የነበረው ገንዘብ 7 ሺህ ዶላር ያህል ብቻ ነበረ። በ1904 ዓመት በዚህ ገንዘብ ከከተማው ራቅ ብሎ፥ ከእንጨት በተሠራ ቤት፥ አናናስ በቆርቆሮ የሚታሸግበት ፋብሪካ አቆመ። ፍሬውን ከሌላ ሰው ከመግዛት ይልቅ ራሱ ሊያበቅለው ወድዶ፥ ደን መንጥሮ አናናስ ተከለ። በ1906 ዓመትም 180 ሺህ የጎማ ዛፍ ዘር ገዝቶ በአናናሱ መካከል ዘራው። የጎማ ዛፍ ደሙን ለመስጠት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ አናናስ ግን ቶሎ ያፈራል። ስለዚህ ዛፉ እስኪያድግ ድረስ አናናሱ ሠራተኞቹን ይመግብ ነበር። ታን ካ ኪም ከአበዳሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ፥ በስምምነት የተቈረጠውን ገንዘብ በ1907 ዓመት ከፍሎ ጨረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሲንጋፖር ቃሉ እንደ ጽሑፍ ውል ታመነ።

ከዚህ በኋላ የመኪና መንኰራኵር ጎማ በዓለም ሁሉ ስለ ተፈለገ ሀብቱ በዛ። ፋብሪካዎቹ ጫማና የመንኰራኵር ጎማ ይሠሩ ነበር፤ በእቃውም ላይ የደወል ምልክት ይታተም ነበር። ከ10 ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞችም ነበሩት። ነገር ግን በልጅነቱ ሳይገባው የደገመውን ትምህርት አልረሳም፤ የመንደሩ ልጆችም እንደ እርሱ እንዲቸገሩ አልወደደም። በ1913 ዓመት በጂሜይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ለሕንጻውም የዓሣ ኵሬ ገዝቶ በአፈር አስሞላው። በ1917 ዓመት ለሴቶች ልጆች፥ ቀጥሎም ለመምህራን፥ ለዓሣ አጥማጆች፥ ለነጋዴዎችና ለገበሬዎች የሚሆኑ ትምህርት ቤቶችን አቆመ። በሲንጋፖርም በ1919 ዓመት ለቻይና ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረገ። በ1921 ዓመት የሺያመን ዩኒቨርሲቲን መሠረተ፤ ለዚህም 4 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ።

በ1929 ዓመት በዓለም ላይ ታላቅ የገንዘብ ችግር መጣ። የጎማ ዋጋ ወደቀ፤ የታን ካ ኪ ፋብሪካዎችም ከሰሩ። ባንኮቹ ዕዳቸውን ጠየቁት፤ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውንም እንዲቀንስ ግድ አሉት። እርሱ ግን ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ከተዘጋ ተማሪዎቹ እንደሚበተኑ ያውቅ ነበርና፥ ለልጆቹ ያዘጋጃቸውን ሦስት ትልልቅ ቤቶች ሸጦ ለዩኒቨርሲቲው አዋለ። በ1934 ዓመት ኩባንያው ተዘጋ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን አልተዘጋም። ለ16 ዓመት ከተሸከመው በኋላ፥ በ1937 ዓመት ለቻይና መንግሥት አስረከበው።

በዚያው ዓመት ጃፓን ቻይናን ወረረች። ታን ካ ኪ በደቡብ ባሕር አገሮች የሚኖሩትን ቻይናውያን አስተባብሮ ለችግረኞች ገንዘብ ሰበሰበ። በ1939 ዓመትም ከ3 ሺህ በላይ ሾፌሮችና መካኒኮች በጥሪው ተነሥተው፥ በተራራማው መንገድ ጭነት ሊያመላልሱ ወደ ቻይና ሄዱ። ጃፓኖች በ1942 ዓመት ሲንጋፖርን በያዙ ጊዜ ታን ካ ኪ ወደ ጃቫ ሸሽቶ፥ ስሙን ለውጦ ሦስት ዓመት ያህል ተደበቀ። የደበቁት ሰዎችም ሞት እንደሚያገኛቸው እያወቁ አልከዱትም። በሥውር ሳለ የሕይወቱን ታሪክ ጻፈ።

በ1950 ዓመት በጂሜይ ሊኖር ተመለሰ። በጦርነት የፈረሱትንም ትምህርት ቤቶች አሠራ። የራሱ ኑሮ ግን ዝቅተኛ ነበር፤ የተጣፈ ጃንጥላ ይይዝ ነበር፤ የተሰበረ ስኒ ገልብጦ ሻማ ያቆምበት ነበር። በ1961 ዓመት በቤይጂንግ ዐርፎ በጂሜይ ተቀበረ። የቀረው ገንዘቡም ለትምህርት ቤቶችና ለሕዝብ ጥቅም ዋለ እንጂ ለልጆቹ ርስት አልሆነም።

ልጆች ሆይ፥ ታን ካ ኪ በሕይወቱ ሁለት ዕዳ ከፈለ። አንደኛው የአባቱ ዕዳ ነው፤ ሁለተኛውም ለተወለደበት መንደር ያለበት ዕዳ ነው። ሁለቱንም ማንም ዳኛ አላስከፈለውም። ሕግ የሚያስገድደውን ብቻ የሚፈጽም ሰው ከቅጣት ይድናል፤ ሳይገደድ የሚገባውን የሚፈጽም ሰው ግን ስሙ ከሀብቱ ይልቅ ይኖራል። የታን ካ ኪ ፋብሪካዎች ጠፍተዋል፤ የመሠረታቸው ትምህርት ቤቶች ግን ዛሬም ያስተምራሉ።